ዘግቼው የወጣሁት መስታወት

ፋብሪካ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ መስታወት ማየት ነበር። ሌላ ነገር አልነካሁም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ከቦይለሩ ግንባር ላይ የቆመችውን የመስታወት ቱቦ ስመለከት ዋልኩ። ውፍረቷ እንደ አውራ ጣት፣ ርዝመቷ እንደ ክንድ ነው። በውስጧ ውሃ አለ።

በዘጠኝ ሰዓት የእሳት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ቱሉ መጡና «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ውሃ» አልኳቸው።

«ውሃማ ወንዝም ውስጥ አለ። ምን አየህ ነው የምልህ።»

«ውሃ የሚያስገባው ፖምፓ ሲሠራ ውሃው ሁለት ጣት ያህል ይወጣል። ፖምፓው ሲቆም ቀስ እያለ ይወርዳል። ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቶ አሥራ አንድ ጊዜ ወርዷል።»

ፊቴን ትንሽ አዩትና «ነገ ና» አሉኝ። የተቀጠርኩት በዚህች ቃል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼና ከእኛ በኋላ እሳት ክፍል ለሚገቡ ነው። ስለ አድማው ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ እኔን የሚመለከተው ግማሹ ልክ አይደለም።

ፋብሪካችን ብርድ ልብስ ይሠራል። ከየካ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ከግቢው ጀርባ ያልፋል። ሱፉ ሲታጠብ፣ ሲነከርና ሲደርቅ እንፋሎት ይፈልጋል። እንፋሎቱ የሚመጣው ከቦይለሩ ነው። ቦይለር ማለት በሆዱ ውስጥ እሳት የሚነድበት ቧንቧ ያለፈበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ያ ቧንቧ ዘወትር በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው ከቧንቧው በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፤ ከጋለ ይለሰልሳል። ውሃው የት እንደደረሰ የምትነግረን ያቺ መስታወት ብቻ ናት።

የምናነደው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ነው። ፍልጡን ከተራራው የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። አለቃቸው እትዬ ሽታዬ ይባላሉ። ሸክማቸውን በራችን ላይ ጥለው ወገባቸውን ሲያቀኑ እኔን በነገር ሳይነኩ አያልፉም። ስሜ ደምሴ ነው፤ እትዬ ሽታዬ ግን የሚጠሩኝ «ዲዳው» እያሉ ነበር።

«ዲዳው፣ ዛሬ ስንት ቃል ተናገርክ?»

«ሁለት።»

«ከትናንቱ አንድ ጨምረሃል! ልታገባ ነው መሰለኝ።»

ጋሽ ቱሉ ሥራውን የተማሩት በጣሊያን ጊዜ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነው። ማንበብ አያውቁም፤ ቦይለሩን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ከአንገታቸው እስከ ትከሻቸው የተጨማደደ ጠባሳ ነበራቸው። አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «የመሰንጠቂያው ቦይለር የፈነዳው ውሃ ስለጎደለው እንዳይመስልህ። ውሃ ጎድሎት ሳለ ውሃ ስለጨመሩበት ነው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስበት ምን እንደሚሆን ምጣድ ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል። ውሃው ከመስታወቷ ከጠፋብህ እሳቱን አውጣ። ፖምፓውን እንዳትነካ።»

መስታወቷ ሦስት ሩቢኔቶ፣ ማለትም መክፈቻና መዝጊያ፣ አላት፤ አንዱ ከላይ ለእንፋሎት፣ አንዱ ከታች ለውሃ፣ ሦስተኛው ከሥሯ ለማፍሰሻ። የሥሩን ሲከፍቱት ውሃው ይፈስና መስታወቷ ባዶ ትሆናለች። መልሰው ሲዘጉት ውሃው ከቦይለሩ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ መስታወቷ እውነት ትናገራለች። ካልተመለሰ ትዋሻለች።

ፈረቃ ስንለዋወጥ የማይቀር ልማድ ነበረን። ገቢው «ውሃው?» ብሎ ይጠይቃል። ወጪው «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ገቢው ግን በዚህ አያምንም። የሥሩን ሩቢኔቶ ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ውሃው ሲመለስ ያያል፤ ከዚያ «እኔም አየሁ» ይላል። ይህ ቃል ሳይነገር ወጪው ቱታውን አያወልቅም። አንድ ጊዜ የሚተካኝ ሰው ዘግይቶ መጥቶ «ይቅር፣ አምንሃለሁ» ቢለኝ ጋሽ ቱሉ ሰሙት። «እሱን እመነው። መስታወቷን ግን አትመን» አሉት።

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው። የቤታችን ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ ከዚያ ጀመርኩ፣ በሳሙና ሣጥን ጽሑፍ ቀጠልኩ። ፋብሪካ ከገባሁ በሁለተኛው ወር ደብተር ገዛሁና የየፈረቃውን ነገር እጽፍ ጀመር። ውሃው ስንት፣ ግፊቱ ስንት፣ የትኛው ቫልቭ ያንጠባጥባል፣ እንጨቱ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ። ደብተሩ የሚያድረው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጋሽ ቱሉ ሲጽፉ ያዩኝና ይስቁ ነበር።

«ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለራሴ።»

«አንተማ ታውቀዋለህ።»

ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ የግፊቱን መርፌ ማየት ሲሳናቸው ሥራ ለቀቁ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዘውኝ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው ነው፤ ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። «በእኔ ቦታ ይህ ልጅ ይሁን» አሉት።

«ይህ አይናገርም እኮ» አለ ሙሴ።

«ቦይለሩም አይናገርም። ይግባባሉ።»

በዚህ ዓይነት የእሳት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ።

አድማው የመጣው የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሕግ ከተፈቀደ በኋላ ነው። የእኛ ማኅበር ሊቀመንበር መርዕድ ይባላል፤ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነው፣ ከእኔ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠረ። በማበጠሪያው ክፍል አንድ ሠራተኛ ማሽኑ ሦስት ጣቶቹን ቆረጠበት። ቁስሉ ሳይደርቅ ከሥራ ተሰናበተ። መርዕድ ስለ እሱ አቤቱታ ይዞ ቢሄድ በየፋብሪካው እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አወቀ። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ያሉ ማኅበራት ተላልከው አንድ ነገር ጠየቁ፤ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ይታከም፣ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ማኅበር በመግባቱ የተባረረም ይመለስ። መልስ ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ ለማቆም ተስማሙ።

እኛ የመከርነው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእንጦጦ ግርጌ በባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። መርዕድ ድንጋይ ላይ ቆሞ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፊሽካው ሲነፋ ሁላችንም እንወጣለን» አለ። ፊሽካው የሚነፋው በእንፋሎት ነው። ገመዱ ያለው እሳት ክፍል ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ነው የምወጣው» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «ፈራ!» አለ።

«እሳት በፊሽካ አይቆምም። አብርጄው ነው የምወጣው።»

መርዕድ ሳቀና «በቃ፣ ሰው በሦስት ሰዓት ይወጣል፣ ደምሴ በአምስት ሰዓት ይወጣል። ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ገመዱን ሳብኩ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ወንዙ ከግቢው ጀርባ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ድምፁን ከእሳት ክፍል ሆኜ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ሙሴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ደምሴ፣ አንተም?»

«እኔም ሙሴ።»

«ቦይለሩስ?»

«እያበረድኩት ነው።»

የግፊቱን መርፌ አይቶ ሄደ።

እሳቱ እንዲያልቅ ተውኩት። ውሃውን መስታወቷ ሦስት አራተኛ እስኪሆን ሞላሁ። ከቦይለሩ ሆድ ሥር ያለው ትልቁ ቫልቭ ያንጠባጥብ ስለነበር ባሊ አስቀመጥኩበት። በመጨረሻ የመስታወቷን የላይኛውንና የታችኛውን ሩቢኔቶ ዘጋሁ። ለበዓል ስንዘጋ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው። መስታወት ሰው በሌለበት ቢሰበር ቦይለሩ ውሃውን በዚያ ቀዳዳ አፍስሶ ይጨርሳልና። ሩቢኔቶዎቹ ሲዘጉ በመስታወቷ ውስጥ ያለው ውሃ እንደቆመ ይቀራል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ። ደብተሩን ኪሴ ከተትኩ። በአምስት ሰዓት ወጣሁ።

ያን ቀን «በዓይኔ አይቻለሁ» ያልኩት ሰው የለም። የሚረከበኝ አልነበረማ። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው።

መንግሥት የመለሰው በፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፖሊሶች በየፋብሪካው በር ቆሙ። በሁለተኛው ቀን በሬዲዮ አድማው ከሕግ ውጭ መሆኑ ተነገረ፤ ያልተመለሰ በሌላ ይተካል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች ፋብሪካዎች ብዙ የማኅበር ሰዎች ተያዙ፤ ከእኛም ጸሐፊያችን። እትዬ ሽታዬና ሴቶቹ እንጨት አናወርድም ብለው ከእኛ ጋር ከመንገዱ ማዶ ተቀመጡ። አንዱ ፖሊስ «እናንተን ደግሞ ምን አገባችሁ? ማኅበር የላችሁ!» ቢላቸው «ጀርባ አለን» አሉት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የወታደር ካሚዮን እንጨት ጭኖ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከጭስ ማውጫችን ጭስ ወጣ።

ሰዉ ተቆጥቶ ጮኸ። እኔ ግን እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ደብተሩን ሳላወጣው የጻፍኩት ታየኝ። የመስታወቷ ሩቢኔቶዎች ተዘግተዋል። እሳቱን የለኮሰው ማንም ይሁን ማን፣ የሚያየው ሦስት አራተኛ ውሃ ነው። ያ ውሃ የሰኞ ውሃ ነው። ትልቁ ቫልቭ ሲበርድ ይብስበታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሲያፈስ ቆይቷል። ቦይለሩ ውስጥ ስንት እንደቀረ ማንም አያውቅም።

መርዕድን ክንዱን ያዝኩት። «መግባት አለብኝ።»

«የት?»

«ውስጥ።»

«ምን ልትሠራ?»

«መስታወቷ ተዘግታለች።»

«ምን አልክ?»

ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። መናገር አልለመድኩም። «ዘግቻታለሁ። ውሸት ነው የምታሳያቸው» አልኩ። መርዕድ ፊቱ ጠቆረ። «ደምሴ፣ ይህ ሁሉ ሰው ያይሃል። ዛሬ ያንን በር ካለፍክ እኔም ላድንህ አልችልም።»

እትዬ ሽታዬ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። «ዲዳው፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰው ሊሞት ነው ወይ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ!»

ሮጥኩ።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ሲያየኝ ደስ አለው። «ወደ ሥራህ ነው?» አለኝ። «ቦይለሩ ጋ» አልኩት። በሩን ከፈተና ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ! አስተዋይ ሰው!» አለኝ። ከኋላዬ የማውቃቸው ድምፆች «ከሃዲ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደከበደኝ ዛሬም መለየት አልችልም።

እሳት ክፍል ውስጥ ሁለት ወታደሮችና አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሃምሳ አለቃው ግዛው ይባላሉ፤ የካሚዮን መካኒክ ናቸው። እጅጌያቸውን ጠቅልለው እንጨት ይጨምሩ ነበር። «መጣህልን?» አሉኝ በፈገግታ። «አትሥጋ፣ ውሃችን ይኸው፣ ሞልቷል።»

ሳልመልስላቸው የሥሩን ሩቢኔቶ ከፈትኩ። በመስታወቷ ያለው ውሃ ፈስሶ አለቀ። ዘጋሁት። ከዚያ የላይኛውንና የታችኛውን ከፈትኩ። ከላይ እንፋሎት ተንፍሶ መስታወቷን አደበዘዘ። ከታች ምንም አልመጣም። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ምንም አልመጣም።

ሃምሳ አለቃ ግዛው ወዲያው ገባቸው። ግን የመኪና ሰው ናቸው፤ መኪና ውሃ ሲጎድለው ውሃ ይጨመርለታል። እጃቸው ወደ ፖምፓው ሄደ።

«እንዳይነኩት!»

እኔ ነኝ የጮኽኩት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እሳቱን እናውጣ። እሳቱን ብቻ!»

ረጅሙን መቆስቆሻ እኔ ያዝኩ፣ አካፋውን እሳቸው። ፍሙን ከቧንቧው እየጎተትን ወለሉ ላይ አፈሰስነው፤ ወታደሮቹ እየዛቁ ወደ ግቢው አወጡት፤ ውሃ ያፈሰስንበት እዚያ ነው። የቀኝ ክንዴ የተቃጠለው ያኔ ነው። በቧንቧው ጣሪያ ላይ አንድ ቦታ ቀልቶ አየሁ። የእጅ መዳፍ ያህል ነው። ፍሙ ሲያልቅ እያየሁት ጠቆረ።

ሁላችንም ወጥተን እንጨቱ ክምር ላይ ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃው ጥቀርሻ የያዘ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ «ሦስት ልጆች አሉኝ» አሉ።

ጭሱ መቆሙን አይቶ ሻምበሉ መጣ። በር ላይ ያሉትን ፖሊሶች የሚያዘው እሱ ነው።

«ይህን ነገር የዘጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ለምን?»

ነገርኩት። ለበዓል ስንዘጋም እንዲሁ እንደምናደርግ ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«የሚነገረው ሰው አልነበረም።»

«አልነበረም! ሌላ ሰው እንደሚገባ ታውቃለህ፤ ዘግተህ ዝም ብለህ ወጣህ። ይህ ወጥመድ አይደለም?»

ሃምሳ አለቃ ግዛው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጌታዬ፣ ወጥመድ ያጠመደ ሰው ሮጦ ወጥመዱ ውስጥ አይገባም።»

«አንተን አልጠየቅኩም!»

ደብተሬን አውጥቼ ሰጠሁት። የሰኞውን ገጽ ቆሞ አነበበ። «ሁሉን ጽፈሃል» አለ። «ይህ ደብተር የት ነበር?»

«ኪሴ።»

«ኪስህ!» አለና ደብተሩን ዘጋው። እሱ ያን ጊዜ የተናገራት አንዲት ቃል ከጥፊ በላይ አመመችኝ፤ እውነት ስለሆነች።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ። ቦይለሩ ሲበርድ ውሃ ሙላና ራስህ አንድደው። ነገሩ እዚሁ ይቀራል።»

«ሲበርድ ገብቼ እመረምረዋለሁ። የጎዳነው ቦታ አለ። እሳት ግን የምለኩሰው ጓደኞቼ ሲገቡ ነው።»

«እስር ቤት ነው የምትገባው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ሁለት ፖሊሶች በመሃላቸው አድርገው አወጡኝ። በሩ ሲከፈት ከማዶ ያለው ሰው ሊያመሰግነኝ ይሁን ሊሰድበኝ አላወቀም። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ሽታዬ ናቸው።

«ጉድ እኮ ነው! ገብቶ እሳት የሚያጠፋ አድማ ሰባሪ የት አገር ታይቷል?»

ሰዉ ወደ ጭስ ማውጫው ቀና አለ፤ ሳቅ ተነሣ፤ ከዚያ ጭብጨባ። ከሃዲ ያሉኝ ሰዎች በስሜ ጠሩኝ። «ያሰባችሁት አይደለም» ለማለት ፈለግሁ። ፖሊሶቹ ግን መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ።

ጣቢያ አምስት ቀን ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ሃምሳ አለቃ ግዛው ለክንዴ የሚቀባ መድኃኒት ይዘው መጡ። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው እስረኛ መጠየቅ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። በዚያው ቀን መርዕድ ምሳ አመጣልኝ።

«ሰዉ ሁሉ ስለ አንተ ነው የሚያወራው» አለኝ። «ቦይለሩን አስቦበት ዘጋው፣ እሳታቸውንም ገብቶ አጠፋባቸው ይላሉ። ጀግና አድርገውሃል።»

«ውሸት ነው። የሚረከበኝ የለም ብዬ ነው። መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ወጣሁ።»

መርዕድ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «ለሻምበሉ ይህንኑ ነግረሃል?»

«ይህንኑ።»

«እንግዲያው ለእኛም ይህንኑ ትነግረናለህ። አንድ ወሬ ለመንግሥት፣ ሌላ ወሬ ለማኅበር አይሆንም። ሆን ብሎ ነው የሚለው ወሬ በአንተ ላይ ምስክር ይሆንብሃል።»

ይህን ያህል አላሰብኩትም ነበር። መርዕድ ለእኔ ሲል ጥሩ ወሬ አበላሸ። ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ መንግሥት ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች ልኮ ባለ ፋብሪካዎቹንና የማኅበራቱን ሰዎች አንድ ላይ አስቀመጠ። የጠየቅነው ሁሉ አልተሰጠንም። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው እንዲታከምና ሊሠራው ወደሚችለው ሥራ እንዲመለስ ተስማሙ። ጣቶቹን ያጣው ሰው ወደ ሱፍ መለያው ክፍል ተመለሰ። ከሌሎች ፋብሪካዎች ከተያዙት ግን ወራት የቆዩ አሉ፤ ወደ ሥራቸው ያልተመለሱም አሉ። የእኔ ነገር በደህና ማለቁ እነሱን እንዲያስረሳኝ አልፈልግም።

ከመጡት ሰዎች አንዱ የእኔን ጉዳይ አየ። ደብተሬን አነበበ፣ ሃምሳ አለቃ ግዛውንም አስጠርቶ ሰማ። ከዚያ ሻምበሉን «ይህ ሰው ጥፋት አለበት። ወንጀል የለበትም» አለው። በዚህ ተፈታሁ።

ከተፈታሁ በኋላ በመጣው እሑድ እንደገና በባሕር ዛፉ ውስጥ ተሰበሰብን። መርዕድ ድንጋዩን ለቀቀልኝ። በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር አደረግሁ፤ ምናልባት ሃያ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የዘጋሁት ሆን ብዬ ሰው ለመጉዳት እንዳልሆነ፣ የገባሁትም አድማውን ለመርዳት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም በእኔ ስሕተት የመጡ መሆናቸውን ነገርኳቸው። አንዳንዱ ቅር አለው። አንዱ «ምነው ዝም ብትል! ዝም ማለት ታውቅ የለ?» አለኝ። እትዬ ሽታዬ ብቻ ከልባቸው ሳቁ። «የዓመቱን ቃል በአንድ ቀን ጨረሰው! እስከ ፋሲካ አይናገርም።»

ከዚያው ወጥቼ ጋሽ ቱሉ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከእንጦጦ መውጫ ላይ ነው። ዓይናቸው ፈጽሞ ደክሞ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ቧንቧው ቀልቶ ነበር?» አሉኝ።

«መዳፍ የሚያህል።»

«ፖምፓውን አልነካችሁም?»

«አልነካንም።»

እጃቸውን ዘርግተው ፋሻ የታሠረውን ክንዴን ዳሰሱት። የራሳቸውን ጠባሳ እንደሚያውቁት ሁሉ የእኔንም የሚለኩት መሰለኝ። «ለማን ነበር የምትጽፈው?» አሉኝ።

«ለራሴ» አልኳቸው።

«'እኔም አየሁ' ያለ ሰው ከሌለ አልወጣህም ማለት ነው» አሉ። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ፈረቃ ላይ ነበርክ። ቤትህ የተኛህ መስሎህ ነው።»

ሰኞ ቦይለሩ ውስጥ ገብቼ በመዶሻ እየመታሁ መረመርኩት። የቀላው ቦታ ጥቂት ጎርበጥ ብሎ ነበር፤ ሙሴ ከውጭ ባለሙያ አስመጥቶ አስጠገነው። ትልቁ ቫልቭም ተለወጠ። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር አደረግሁ። ደብተሬን ጫፉን በስቼ በሽቦ ከመስታወቷ ጎን አንጠለጠልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ኪሴ ገብቶ አያውቅም። ከጣሳ ክዳን ቆርጬም «ተዘግቷል» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ሩቢኔቶ የዘጋ ሰው ያን ቆርቆሮ ሩቢኔቶው ላይ ሳያንጠለጥል አይወጣም። ማንበብ ለማይችል ቀዩ ቀለም ይበቃዋል።

ሃምሳ አለቃ ግዛው ከሠራዊቱ በጡረታ ወጥተው ዛሬ በሾላ ገበያ አጠገብ ጋራዥ አላቸው። በዚህ በኩል ሲያልፉ ይገባሉ። ሰላምታ ሳይሰጡኝ በፊት ከመስታወቷ ፊት ይቆሙና «ውሃው?» ይላሉ።

«በዓይኔ አይቻለሁ» እላቸዋለሁ።

አያምኑኝም። የሥሩን ሩቢኔቶ ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ውሃው እስኪመለስ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። «እኔም አየሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው የምንጨባበጠው።

ከሥራ ስትወጣ የዘጋኸውንና የከፈትከውን ለሚቀጥለው ሰው ሳትናገር አትውጣ። የሚቀጥለው ሰው ማን እንደሆነ ባታውቅም፣ እንዲመጣ ባትፈልግም፣ ጻፍለት።